የዘመነ ጽጌ ጉብኝት፦ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር

በሆላንድ አገር የሚገኘውና በ1942 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው ስመ ጥሩው የኩከንሆፍ የአበባ ሥፍራ በመኳንንት ፈቃድ የተሠራ የመዝናኛ ቦታ አይደለም። ያቋቋሙት አበባ አብቃዮችና ላኪዎች ሲሆኑ፣ አሳባቸውም ገዢው ዕቃውን በዓይኑ አይቶ እንዲያዝ ነበር። ዛሬም በየዓመቱ በጸደይ ለሁለት ወር ያህል ሲከፈት ከዓለም ዙሪያ ሰው ይጐርፍበታል።

በሰሜን ሸዋ ያለው የአበባ ሥፍራ ግን አጥርም በርም የለውም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አንኮበር የሚዘልቅ መንገደኛ፣ ክረምቱ ሲወጣ ሜዳውና የእርሻው ድንበር ሁሉ አደይ አበባ ለብሶ ያገኘዋል። ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀኖች ዘመነ ጽጌ ብላ ትጠራቸዋለች። አደይ ግን ዕድሜው አጭር ስለ ሆነ፣ ለጐብኚ የሚሻለው ወር መስከረም ነው። የደጋው ብርድ ብርቱ ነውና ወፍራም ልብስ መያዝ፣ የመንገዱንም ጸጥታ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

አንኮበር ለነጋዴ እንግዳ አይደለችም። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ ከሥሯ ያለው የዓልዩ አምባ ገበያ ከባሕር ዳርቻ ለሚመጡት ሲራራ ነጋዴዎች መገናኛ ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የንግድ ውል የተዋዋሉትም በ1834 ዓ.ም. ነው።

የአበባው ጥቅም ለዓይን ብቻ አይደለም። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው የደጋ ማር ንብ ከአደይና ከመሰሎቹ አበቦች የቀሰመችው ነው፤ ሰሙም ወደ ውጭ አገር የሚላክ ዕቃ ነው። አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል በመሆኑ፣ ለእንቁጣጣሽ የሚቀጠፈው ጥቂት እቅፍ ብዙ አይጐዳውም። የሚጐዳው ዘሩ ሳይረግፍ ሜዳው ሲጋጥ ወይም ሲታረስ ነው። ያን ጊዜ አበባው ይሳሳል፤ ማሩም አብሮ ይቀንሳል።

ስለዚህ ነገሩ የባለሱቅም ጉዳይ ነው። ጐብኚ አበባውን አይቶ ባዶ እጁን የሚመለሰው የሚገዛው ጠፍቶ አይደለም፤ የአገሩ ማር፣ የመንዝ ባናና ዝተት በመንገዱ ዳር በንጽሕና ተዘጋጅቶ፣ ዋጋው ተጽፎበት ስላልጠበቀው ነው። የሆላንድ ነጋዴዎች አበባውን ራሳቸው መትከል ነበረባቸው፤ የሰሜን ሸዋ ነጋዴ ግን የተተከለለትን መጠበቅና ዕቃውን ከጐኑ ማቅረብ ብቻ ይቀረዋል።