የቱርቦ ሞተር ትንፋሽ መልቀቂያ

ጭስ ሆኖ በከንቱ የሚባክነው የሞተር ኀይል ተመልሶ ለዚያው ለሞተሩ ነፋስ እንዲመግብ ያሰበው የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ፣ ሐሳቡን በ1905 እ.ኤ.አ. በፓተንት ካስመዘገበ ወዲህ፣ ዛሬ ቱርቦ የምንለው መሣሪያ ከመርከብና ከአውሮፕላን አልፎ በ1962 በኦልድስሞቢልና በሸቭሮሌት አማካይነት ከተራው ሰው አውቶሞቢል ደረሰ። የመሣሪያው ጭንቅ የሚጀምረው ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ባነሣ ጊዜ ነው።

በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚዞረው መዘውር ነፋሱን እያመቀ ወደ ሞተሩ ሲሰድ ሳለ፣ ነጂው ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ረግጦ ነዳጁን ቢለቅ፣ ትሮትል የሚባለው የነፋስ በር በቅጽበት ይዘጋል፤ መዘውሩ ግን በያዘው ፍጥነት መዞሩን ስለማይተው፣ በመካከል የታመቀው ነፋስ መሄጃ አጥቶ በመጣበት ይመለሳል፤ የመዘውሩንም ክንፎች እያንገጫገጨ ፍጥነቱን ይሰብረዋል፤ አዲሱ ማርሽ ሲገባም ነጂው ቱርቦው ኀይሉን እስኪሰበስብ ድረስ ይጠብቃል።

ይህን ጭንቅ የሚገላግለው ቫልቭ አሠራሩ እጅግ ያስደንቃል፤ የተለመደው ዐይነት ኤሌክትሪክ ሳያሻው በግፊትና በሞላ ሚዛን ብቻ ይሠራልና። ሞላው የተቀመጠበት የላይኛው ክፍል በቀጭን ጎማ ከትሮትሉ ማዶ፣ ከሞተሩ ነፋስ መቀበያ ጋር ተገናኝቷል፤ በሩ ክፍት ሳለ ከላይም ከታችም ያለው ግፊት ስለሚተካከል ሞላው ቫልቩን ዘግቶ ይይዘዋል፤ በሩ ሲዘጋ ግን ነፋስ የተከለከለው ሞተር በብርቱ ስለሚስብ፣ ከላይ ባዶነቱ እየጎተተ ከታችም የታመቀው ነፋስ እየገፋ፣ ቫልቩን በአንድ አፍታ ይከፍቱታል። የቀድሞው የዲዜል ሞተር እንዲህ ያለ በር ስለሌለው ይህ ቫልቭ አላሻውም፤ በመንገዳችን ከባድ መኪኖች ሲቆሙ የምንሰማውም ትንፋሽ የፍሬናቸው ነው።

ክርክር ያለው የወጣው ነፋስ ወዴት ይሂድ በሚለው ላይ ነው። በሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ፣ ፋብሪካው የታመቀውን ነፋስ በሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ላይ በሁለት ብሎን ያሰረው ቫልቭ ነፋሱን በቱቦ ወደ ቱርቦው መግቢያ ይመልሰዋል፤ ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ ያለው መለኪያ ያን ነፋስ አስቀድሞ ቈጥሮ ለኮምፒዩተሩ አስታውቋልና፣ ቤንዚኑም በዚያው ልክ ይመደባል። ብዙ ወጣቶች ደስ የሚላቸውን ድምፅ ሽተው ነፋሱን ወደ ውጭ የሚተፋ ቫልቭ ሲገጥሙ፣ የተቈጠረው ነፋስ ይጠፋል፣ የተመደበለት ቤንዚን ግን ይመጣል፤ ስለዚህ ማርሽ በተቀየረ ቍጥር ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ሞተሩ ይጠፋል። የቀድሞው ቱቦ አፍ ሳይደፈን ከቀረማ፣ ያልተጣራ አቧራ በቀጥታ ቱርቦው ውስጥ ይገባል።

ነፋሱን በግፊት የሚያሰላ ሞተር ግን ይህ የቤንዚን መብዛት ጕዳት የለበትም። የፋብሪካው ቫልቭ ከፍ ያለ ግፊት ሲመጣበት የሚያፈስ ከሆነም በጠንካራ መለወጥ ተገቢ ነው፤ ሞላው ግን ለዚያ ሞተር የተመጠነ ይሁን፤ የላላው ሞተሩ ሳይጫን ሲሠራ ይከፈታል፣ የጠጠረውም በሚያስፈልግበት ሰዓት ተዘግቶ ይቀራል። ድምፁ በፈረስ ጕልበት ላይ አንዳች ስለማይጨምር፣ ደብልዩ አር ኤክስ የምትነዳ አንባቢ ሆይ፣ ነፋሱን ወደ መግቢያው የሚመልሰውን ግጠም።