ሱፐር ኮምፒውተርም የሚገምተው አዙሪት

አውሮፕላን በተናወጠ ቁጥር አንድ ወሬ አይጠፋም፤ «ኮምፒውተሩ የአየሩን እንቅስቃሴ አንድ በአንድ እያሰላ፣ ትንበያ ሰጪዎቹ እንዴት ሳያስጠነቅቁ ቀሩ?» የሚል። አያሰላም! አስልቶም አያውቅም።

ፀሐይ ምድርን ስታሞቅ የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይወርዳል። ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ እንለፈው። ፀሐያማ በሆነ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲህ የሚታመሰው አየር አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ከፍታ ይደርሳል። ጣጣው ያለው ትልቁ አዙሪት ትንሹን፣ ትንሹም የባሰ ትንሹን እየወለደ መሄዱ ላይ ነው፤ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ተለውጦ ያልቃል። 5 በ5 ኪሎ ሜትር ስፋትና 2 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለውን አየር በየሚሊ ሜትሩ ላስላ ያለ ሰው 50 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ነጥቦች ይጠብቁታል።

ይህ ስለማይቻል አሜሪካዊው የከባቢ አየር ተመራማሪ ጄምስ ዲርዶርፍ የያዘው መንገድ ትልልቁን ማስላት፣ ትንንሹን መገመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ የሚያህል አየር በ64 ሺህ ነጥቦች ብቻ ሠራው፤ መነሻውም በ1967 በአውስትራሊያ፣ ዋንጋራ በተባለው የመስክ ጥናት፣ የተለካ አንድ ቀን ነበር። ዘዴው ወንፊት ነው፤ ቀዳዳው በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ሾልኮ የወረደውን ደቃቅ ግን መጣል አይቻልም፤ የትልልቁ ጉልበት የሚፈሰው በእሱ በኩል ነውና፣ ሒሳቡ በግምት ቀመር ይገባል። በ2011 ሱሊቫንና ፓተን የተባሉ ተመራማሪዎች ነጥቦቹን ከአንድ ቢሊዮን በላይ አደረሷቸው። ያዩት ነገር ደስ ይላል፦ በእያንዳንዱ ጎን 256 ነጥብ ከታለፈ በኋላ ዋና ዋናዎቹ አማካይ ውጤቶች ብዙም አይለወጡም። ትልልቁ አዙሪት ነው ገዢው።

እዚህ ላይ ግን እኛው ሙያተኞቹ እንከራከራለን። መሬት አጠገብና የሚታመሰውን አየር ከላይ በሚከድነው ሞቃት ንብርብር ላይ አዙሪቱ ስለሚያንስ ግምቱ ይበዛል። የትንበያ ሞዴሎች ወንፊት ቀዳዳ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ሲጠብ ደግሞ ከአዙሪቱ ጋር እኩል ይሆናል፤ በደንብ አይታይ፣ በአማካይ አይታለፍ። ዊንጋርድ የተባለው ተመራማሪ በ2004 ይህን ያልታወቀ ምድር ብሎታል። በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚያጋጥመው መናወጥም ሌላ ምንጭ አለው፤ ከዚህ ጋር አይደባለቅ።

ስለዚህ ስሌቱ የሚነግረን ሞቃት አየር በምን ያህል ኃይልና ድግግሞሽ እንደሚነሣ ነው። ቀትር ላይ ሲያርፉ የትኛው እንደሚመታዎ አይነግርም። የቀበቶው መብራት ቢጠፋም ቀበቶዎን አይፍቱ።