ለሄርኒያ (ቡአ) የሚደረገው መረብ ያስፈራል ወይ?



«ዶክተር፣ ቀዶ ጥገናውስ ይሁን። ግን ሰውነቴ ውስጥ ፕላስቲክ ተቀብሮ እንዴት እኖራለሁ?»

ይህን ያሉኝ በብሽሽታቸው ሄርኒያ የነበረባቸው አንድ አባት ናቸው። አሜሪካ ያለች ልጃቸው «ሜሽ ሰው እየጎዳ ነው፣ ተከስሷል» ብላ ደውላ ነግራቸዋለች። እኔም ወረፋ በዝቶብኝ «ምንም አይልዎትም» ብዬ አለፍኩት። በቀጠሯቸው ቀን አልመጡም።

ከወራት በኋላ ድንገተኛ ክፍል አገኘኋቸው። እብጠቱ አልመለስ ብሎ፣ እያስመለሳቸው ነበር። አንጀታቸው ታንቆ ከፊሉ ስለሞተ ቆርጠን አወጣነው። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈዋል። ያኔ በደንብ ማስረዳት የነበረብኝን ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ።

🔹 መረቡ ለምን አስፈለገ?

ሄርኒያ የሚባለው የሆድ ግድግዳ ሳስቶ አንጀት ወይም ስብ በክፍተቱ ሲወጣ ነው። በመድኃኒት አይዘጋም። ድሮ ግራና ቀኙን ስቦ መስፋት ነበር። ያረጀ ልብስ ስባችሁ ብትሰፉት ከስፌቱ ጎን ይተረተር የለ? ሄርኒያም እንደዚያው ይመለሳል። መረቡ ግን እንደ መጣፊያ ነው፤ ሳይወጥር ይሸፍነዋል፣ የራሳችን ሥጋም በቀዳዳዎቹ አልፎ ያድግበታል። ስለዚህ በአዋቂዎች ላይ ሄርኒያው ተመልሶ የመውጣት ዕድሉን ይቀንሳል።

ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ቁስል የምንሰፋበት አንዱ ክርም ከዚሁ ይሠራል። በኡጋንዳ በ302 ወንዶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ከአጎበር ጨርቅ ተዘጋጅቶ ከጀርም የጸዳ ርካሽ መረብ ከውዱ ጋር ሲነጻጸር በአንድ ዓመት ውስጥ ጉልህ ልዩነት አላሳየም። (የቤታችሁን አጎበር ማለቴ አይደለም! 😊)

🔹 ክሱስ ውሸት ነው?

አይደለም፤ ግን ነገሩ ተቀላቅሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሽያጩን ያስቆመው በሴት ብልት በኩል፣ ለዳሌ አካላት መውረድ የሚገባውን መረብ ነው። የሄርኒያው መረብ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ሆኖም በሄርኒያ መረቦችም ላይ ክስ ቀርቧል፣ ከገበያ የተሰበሰቡም አሉ።

እውነተኛ ጉዳቶቹ እነዚህ ናቸው፦

▪️ ከ3 ወር በላይ የሚቆይ ሕመም። ከብሽሽት ሄርኒያ ቀዶ ጥገና በኋላ ከ10 ሰው 1 ገደማ ያጋጥመዋል። ያለ መረብ በተሰፉትም ላይ አለ።
▪️ ኢንፌክሽን። ብዙ አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን መረቡን ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ሲጋራና ያልተስተካከለ ስኳር አደጋውን ይጨምራሉ።

🔹 ለሁሉም ሰው ይደረጋል?

አይደረግም። ለሕፃናት የሄርኒያውን ከረጢት ማሰር ይበቃል። አንጀት ሞቶ ቦታው ከተበከለም አብዛኛውን ጊዜ እንተወዋለን። እኚያ አባት የፈሩት መረብ በመጨረሻ አልተደረገላቸውም፤ በክር ብቻ ሰፋናቸው። አንጀታቸው ተቆርጦ፣ ሄርኒያው የመመለስ ዕድሉም ከፍ ብሎ ወደ ቤት ሄዱ።

🔹 ከቀዶ ጥገና በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ

1. ለእኔ መረብ ያስፈልገኛል? ያለ መረብስ አማራጭ አለኝ?
2. የምን ዓይነት መረብ ነው? ስሙ ወረቀቴ ላይ ይጻፍልኝ።
3. ሕመሙ ካልለቀቀኝ ማን ያየኛል?

ጠይቃችሁ «አልፈልግም» ማለት መብታችሁ ነው። ፈርታችሁ መጥፋት ግን አያዋጣም።

🚨 እብጠቱ አልመለስ ካለ፣ በኃይል ካመመ፣ ካስመለሳችሁ፣ ሰገራና ጋዝ እንቢ ካለ ወይም ቆዳው ቀለሙን ከቀየረ በእጅ አትግፉት፣ ነገ አትበሉ፤ በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ቡአውን በኀፍረት ደብቆ የሚኖር አባት ወይም ወንድም ካላችሁ ይህን አንብቡለት፤ ለሌሎችም ሼር አድርጉት።