ለብርድ ጊዜ የሚሆን የሞተር ብስክሌት ጓንት አመራረጥ

ጓንት ለጌጥ ብቻ የሚደረግ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔም እስካለፈው ታኅሣሥ ድረስ እንዲሁ አስብ ነበር።

አጎቴ ለሥራቸው በሞተር ብስክሌት የሚመላለሱ ሰው ናቸው። ከማክሰኝት አብረን ሄደን ጎንደር ካደርን በኋላ፣ ገና ሳይነጋ ከኋላቸው ተቀምጬ ወደ ደባርቅ ጉዞ ጀመርን። የእኛ አገር ወይና ደጋ ነው፤ ደባርቅ ግን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ደጋ ነው። አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። አጎቴ ያደረጉት የጥጥ ሹራብ ጓንት ነው። በአንድ ጠመዝማዛ ላይ ከብቶች መንገዱን ሲሻገሩ የእጅ ፍሬን ለመጨበጥ ቢሞክሩ ጣታቸው ደንዝዞ አልታዘዝ አላቸው። በእግር ፍሬን ብቻ በጭንቅ ቆምን። «ልጄ፣ ዛሬ ያዳነን እግሬ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ነፋስ መከልከል አለበት። አየሩ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ነው። ሹራብ ብቻውን ነፋስ ያሳልፋል። ስለዚህ የጓንቱ ውጭ ቆዳ ወይም ነፋስና ውሃ የማያስገባ ጨርቅ፣ ውስጡ ሱፍ ቢሆን ይመረጣል። ጥጥ ከረጠበ አያሞቅም፤ ሱፍ ግን ረጥቦም ጥቂት ሙቀት ይይዛል።

ሁለተኛ፤ ልኩ ይታይ። ወፍራም ሁሉ ሞቃት አይደለም። የጠበበ ጓንት የደምን ዝውውር ያግዳል፤ ሙቀት የሚይዘውንም አየር ጨምቆ ያስወጣል። ከመጠን በላይ የወፈረ እንደ ሆነም ጣት ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን በሚገባ አያዝም። አጎቴ በኋላ የገዙት ወፍራምና ጠባብ ስለ ነበረ ገንዘባቸው በከንቱ ቀረ። ሲገዙ እጅን ዘርግቶ ሳይሆን መሪ እንደ ያዙ ጨብጦ መለካት ይገባል።

ሦስተኛ፤ የእጅ አንጓን አልፎ ከኮት እጅጌ ጋር የሚገጥም ይሁን፤ ነፋስ በዚያ በኩል ይገባልና።

አራተኛ፤ ቆዳው ይመርመር። የደጋችን በግ ሌጦ ስስና ልስልስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ በውጭ አገር ለጓንት ሥራ የታወቀ ነው። ለመውደቅ አደጋ ግን የከብት ወይም የፍየል ቆዳ የበለጠ መከታ ይሆናል።

ውዱን ለመግዛት አቅም ያልፈቀደለት ሰው ከስስ የሱፍ ጓንት በላይ ሰፋ ያለ የቆዳ ጓንት ቢደርብ ይበጀዋል። አጎቴም ዛሬ የሚነዱት እንዲህ አድርገው ነው።

እንግዲህ ከመካከላችን አባቱ ወይም ወንድሙ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ቢኖር፣ ዛሬ ማታ ጓንቱን አስለብሶ እጁን ያስጨብጠውና ይመልከት።