ከክፍል አንደኛ መውጣት ብቻ ይበቃልን?

በአዴትና በዙሪያዋ ገጠር ልጅ የሚያስተምር ቤተሰብ ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ «ልጃችን ከክፍሏ አንደኛ ናት፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትገባ ይሆን?»

በ2015 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚያም ትምህርት ቤቶች አንደኛ የወጣ ልጅ ነበረ! በ2017 አላፊዎቹ 8.4 በመቶ ደረሱ። ይህ ግን የአገር ቁጥር እንጂ የልጃችን ሚዛን አይደለም።

ታዲያ በምን እንመዝናት? አንደኛ፣ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ሰዓት ተይዞ ብቻዋን ትሥራ። ስድስቱ ፈተናዎች ከ600 ይታሰባሉ፤ ማለፊያው 300 ነው። ሁለተኛ፣ ውጤቷን በየትምህርቱ እንመዝግብ፤ የደከመችበት ከወዲሁ ይታያል። ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ስለዚህ 300 ማምጣት ከደጃፉ ያደርሳል እንጂ አያስገባም። በልምምድ 300ን በጭንቅ የምታገኝ ከሆነ፣ ለአዴት ልጅ ቅርብ የሆነውን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲንም አብረን እናስብ።

እስከ ፈተናው ድረስም የማጀቱን ሥራና ውኃ መቅዳቱን እናቅልላት። ልጅን በሐቅ መመዘን ተስፋ ማስቆረጥ አይደለም፤ ሰበቡን ማድረስ ነው። የቀረው የአላህ ነው።