አንድ ጊዜ መመርመር ይበቃልን?

«ባለፈው ተመርምሬ ነፃ ነሽ ተብያለሁ፤ ዳግመኛ ለምን እመረመራለሁ?» የሚል ጥያቄ በእርግዝና ክትትል ክፍሎች ከእናቶች አፍ የሚሰማ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የእናቲቱንም የሕፃኑንም ሕይወት የሚመለከት በመሆኑ በጥሞና ሊጤን ይገባዋል።

እንደሚታወቀው፣ በብዙ አገሮች የኤች አይ ቪን ሥርጭት ለመገመት ለረጅም ጊዜ መነሻ ሆነው የቆዩት ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ናቸው። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ይኸው ጥናት ሲጀመር ቫይረሱ የተገኘባቸው ነፍሰ ጡሮች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። በ2010 ግን ከመቶ 30 ያህል ደርሰው ተገኙ።

ይሁን እንጂ ይህ አኃዝ ከዐሥር ዓመት በፊት የተያዘችውንና ባለፈው ወር የተያዘችውን በአንድነት ደምሮ የሚቆጥር ነው። መድኃኒቱ ዕድሜ ስለሚያረዝምም፣ አዲስ ተያዦች ቢቀንሱ እንኳ ጠቅላላው ቁጥር ላይወርድ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሌሎች መንገዶችን ይጠቀማሉ። አንደኛው፣ ከ15 እስከ 24 ዓመት የሆናቸውን ወጣት ነፍሰ ጡሮች ለይቶ ማየት ነው፤ እነዚህ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ከጀመሩ ብዙ ጊዜ ስለማይሆናቸው፣ ተይዘው ቢገኙ የተያዙት በቅርቡ ነው ተብሎ ይገመታል። ሁለተኛው የላቦራቶሪ ዘዴ ነው። ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመነጨው ፀረ አካል በመጀመሪያዎቹ ወራት አያያዙ የላላ ሲሆን፣ እየቆየ ግን ይጠብቃል። ጥንካሬው ሲለካ የቅርቡ ከቆየው ይለያል። ሆኖም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አዲስ ተያዥ መስለው ሊታዩ ስለሚችሉ ስሌቱ ይህን ማረም ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ለእናት ምን ይጠቅማታል? በእርግዝና ወይም በጡት ማጥባት ወቅት የተያዘች እናት በደሟ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን እጅግ ከፍተኛ ስለሚሆን፣ ለልጇ የማስተላለፍ ዕድሏም ከፍ ይላል። በመጀመሪያው ምርመራ ነፃ የተባለች በመሆኗም ማንም አይጠረጥርም። ሕክምና ካልተደረገ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ከመቶ ከ15 እስከ 45 በሚሆኑት ላይ ነው፤ መድኃኒት በወቅቱና በአግባቡ ከተወሰደ ግን ከ5 በታች ይወርዳል።

ስለሆነም ሥርጭቱ ከፍተኛ በሆነባቸው አካባቢዎች ምርመራው በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት እንዲደገም የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ባልም ነገሩን ለሚስቱ ብቻ ትቶ በር ላይ ቆሞ መጠበቁ ቀርቶ፣ አብሮ ገብቶ ሊመረመር ይገባዋል። እናቶችም ዳግመኛ ተመርመሩ ሲባሉ እንደ ጥርጣሬ ሳይቆጥሩት፣ ለሚወለደው ልጅ እንደሚደረግ ጥንቃቄ አድርገው እንዲቀበሉት ያስፈልጋል።