ልብና ሙቀት፤ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ እንዴት ይፈታል?



በየመሥሪያ ቤቱ የውጭ አገር ደብዳቤ ወደ አማርኛ እንዲመልሱ የሚታዘዙ ሰዎች ከሚቸገሩባቸው ቃላት አንዱ እንግሊዞች «ሃርቲ» የሚሉት ነው። ቃሉ «ሃርት» ማለትም ልብ ከሚለው የወጣ ሲሆን፥ ሙቀትንና ብርታትን ባንድነት ይገልጻል። እንግሊዛዊው ደስ ብሎት እንግዳ ሲቀበል አቀባበሉን፥ ከት ብሎ ሲስቅ ሣቁን፥ ሆድ የሚሞላውን ማዕድ፥ ዕድሜው ገፍቶ ጉልበቱ ያልደከመውን ሽማግሌ፥ ሁሉንም በዚሁ በአንድ ቃል ይገልጻቸዋል። የዲፕሎማቶች ቃል የሆነው «ኮርዲያል» ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን፥ የእርሱም መሠረት እንደዚሁ ልብ ነው።

ታዲያ «ልባም» ብለን ብንተረጉመው ምን ይከለክለናል? የሚከለክለን የቋንቋችን ጠባይ ነው። በግዕዝ «ለበወ» ማለት አስተዋለ ማለት ነው፤ «ልቡና»ም ከዚሁ ዘር የተገኘ ነው። በአማርኛም «ልብ በል» የሚባለው አስተውል ለማለት፥ «ልብ ገዛ» የሚባለውም ወደ አእምሮው ተመለሰ ለማለት ነው። ልባም ሰው አስተዋይ ሰው ነው፤ ልበ ሙሉ ሰው ደግሞ የማይፈራ ሰው ነው። እንግዲህ «ልባም አቀባበል ተደረገላቸው» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ፥ እንግዶቹን በጥንቃቄ ተቀበሏቸው ያለ ይመስልበታል። ርኅራኄንማ አማርኛ ብዙ ጊዜ ለአንጀትና ለሆድ ሰጥቶታል፤ ያሳዘነንን ሰው «አንጀቴን በላው» እንላለን፥ ቶሎ የሚያዝነውንም «ሆደ ቡቡ» እንለዋለን።

ሙቀቱስ የት አለ ቢሉ፥ ከምድጃው ዘንድ ነው። ይህን ለመረዳት የደቡብ ጎንደርን ደጋ ማሰብ ይበቃል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ከ2600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4000 ሜትር ያልፋል። ብርድ በጸናበት አገር እሳት ዳር ሥፍራ መስጠት ራሱ አክብሮት ነው። ስለዚህም «የሞቀ ቤቱን ትቶ ወጣ» ሲባል፥ የቀረው የምድጃው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ትዳሩ፥ ልጆቹና ማዕዱ ጭምር መሆኑ ለሰሚው ሁሉ ግልጽ ነው። ከተማዋ በስሙ በምትጠራበት በደብረ ታቦር በዓል፥ ማለት በቡሄ፥ ዋዜማውን ነሐሴ 12 ቀን ማታ በክረምቱ ብርድ መካከል ችቦ ሲበራ፥ ለልጆችም ሙልሙል ሲታደል «በዓሉ ሞቀ» ይባላል። ገበያም ሰው ሲበዛበት ይሞቃል፥ ሰው ሲጠፋበት ይቀዘቅዛል።

ከሙቀት በላይ ያለውን ደረጃ አማርኛ «ጋለ» ይለዋል፤ ይህም የብረት ቃል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ባለሙያዎችን ሰብስበው፥ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰውን «ሴባስቶፖል» የተባለ መድፍ ባሠሩበት ሥፍራ የነበረው እሳት፥ እንግዳ ከሚሞቀው የምድጃ እሳት የተለየ ነበር። የሞቀውን ሰው ይቀርበዋል፤ የጋለውን ግን በእጁ አይነካውም። ስለዚህ ክርክር ወይም ውጊያ የጋለ ቢባል ያምራል፤ ሰላምታ ግን ሞቅ ያለ እንጂ የጋለ ባይባል ይሻላል።

እንግዲህ ተርጓሚው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቃሉ የሚገልጸውን ነገር ይመልከት። ለአቀባበልና ለጭብጨባ «ሞቅ ያለ»፥ ለሣቅና ለምስጋና «ከልብ የመነጨ»፥ ለማዕድ «የሚያጠግብ»፥ ለሽማግሌ «ብርቱ» ቢል ከስሕተት ይድናል። በተለይ በሽማግሌው ላይ ይጠንቀቅ፤ «ሞቅ ብሏቸዋል» ብሎ ቢጽፍ ጤንነታቸውን ሳይሆን የጠጡትን ጠላ ወይም ጠጅ መመስከሩ ነው። ለሐዘን ደብዳቤም «ሞቅ ያለ» ፈጽሞ አይስማማም፤ በዚያ ሥፍራ «ከልብ» የሚለው ይበቃል።

ይህ ጉዳይ ግን የተርጓሚዎች ብቻ አይደለም። «ልባዊ» የሚለው ቃል ዛሬ በብዙ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ እንደ ማኅተም የሚታተም ሆኗል። አንድ ገበሬ ከጉና ግርጌ ማልዶ ተነሥቶ፥ ስለ እርሻ መሬቱ ሊያመለክት ከተማ ወረደ እንበል። የሚሰጠው መልስ በ«ልባዊ ሰላምታ» ጀምሮ፥ ጉዳዩ ማን ዘንድ እንዳለና መቼ እንደሚፈጸም ሳይነግረው ቢያበቃ፥ ቃሉ ምን ጠቀመው? ደብዳቤውን የሚያነብለት ልጁም ቃሉን ባዶ አድርጎ ይማረዋል። በሌላ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ በእውነት ከልቡ ቢያመሰግነው እንኳ የሚያምን አይገኝም።

ስለዚህ፥ ክቡር አንባቢ፥ ነገ ከጠረጴዛዎ ላይ ደብዳቤ ሲያረቅቁ «ልባዊ» የሚለውን ከመጻፍዎ በፊት ከሥሩ ያለውን ሐሳብ ይመርምሩ። የሚሰጡት ቁርጥ ያለ መልስ ካለ፥ «ከሰላምታ ጋር» የሚለው ተራ መዝጊያ ለባለጉዳዩ በቂ ሙቀት ይሆነዋል። የሚሰጡት መልስ ከሌለ ግን ቀኑንና ምክንያቱን በግልጽ ይንገሩት፤ ልባዊ የሚለውንም ቃል በእውነት ለሚያስፈልግበት ቀን ያቆዩት።